የአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልትን ለማጥናት የምርምር ድጋፍ ከየት ይገኛል?

ናሙና ሰብሳቢዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የጤና ኮሌጅ የሕክምና ላቦራቶሪ መምህርት ስሆን፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በማይክሮባዮሎጂ ካገኘሁ አምስት ዓመት ሞልቶኛል። ወደ ሥራ ስመላለስ በአቃቂ ወንዝ ዳር ገበሬዎች ውኃውን በሞተር እየሳቡ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ሲያጠጡ በየቀኑ አያለሁ። ወንዙ ከተማውን አቋርጦ የፋብሪካውንና የመጸዳጃውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ እንደሚወርድ፣ ከዚያም ከአዋሽ እንደሚቀላቀል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ላጠናው የምፈልገው ጉዳይ ይህ ነው፦ በወንዙ ውኃ ውስጥ የሚገኙ፣ ከመድኃኒት ጋር የተላመዱ ባክቴሪያዎች በአትክልቱ ላይ ምን ያህል ይገኛሉ? አትክልቱን በሚያለሙት ቤተሰቦች አንጀት ውስጥስ እነዚያው ዓይነቶች አሉ ወይ? በእኔ ስሌት ለአንድ ዓመት ተኩል ሥራ 20 ሺህ ዶላር ገደማ ይበቃኛል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ኮሌጁ ለምርምር የተያዘ በጀት እንደሌለው በአክብሮት ነገረኝ፤ አንድ የውጭ ፋውንዴሽን ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ጥናቱ ከትኩረት መስኩ ጋር እንደማይገጥም በአንድ መስመር ገልጾ መለሰልኝ።

እንደ እኔ ያለ፣ ሦስተኛ ዲግሪ የሌለውና ስሙ ባልታወቀ ተቋም የሚሠራ ሰው በራሱ ስም ማመልከት ይችላል ወይስ በትልቅ ስም ጥላ ሥር መግባቱ ግዴታ ነው? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የሰበታው፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ ገምግሜ ካሳለፍኋቸው ከብዙ ፕሮፖዛሎች የተሻለ ነው፤ የፍለጋዎ ቅደም ተከተል ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ፕሮፖዛሉን ጽፈን ከጨረስን በኋላ የሚከፍልልንን እንፈልጋለን፤ ለጋሹ ግን ገንዘቡን የመደበው ራሱ ለጠየቀው ጥያቄ ነው። ስለዚህ የለጋሾችን የማመልከቻ ጥሪ ከማደንዎ በፊት ቀድሞ የተሰጠውን ያንብቡ። ኤን.አይ.ኤች. ብለን የምንጠራው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ስብስብ የደገፋቸውን ጥናቶች «ሪፖርተር» በተባለ ነጻ የመረጃ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል፤ በአገር ለይቶ ኢትዮጵያን መፈለግም ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረትም «ኮርዲስ» የተባለ ተመሳሳይ ቋት አለው። ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ቢያሳልፉ ማን ለየትኛው ጥያቄ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ተቋም በኩል እንደከፈለ ይገለጥልዎታል። «ከትኩረት መስካችን ጋር አይገጥምም» የሚለው መልስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ንባብ ሲዘለል ነው።

ቀጥሎ ዘዴዎን ይመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 «ትራይሳይክል» የተባለ የቅኝት መመሪያ አሳትሟል። መመሪያው ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. (ብዙ አንቲባዮቲኮችን የሚሰብር ኤንዛይም) የሚያመርተውን ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ብቻ መርጦ በሰው፣ በምግብ ሰንሰለትና በአካባቢ ውኃ ላይ ተመሳሳይ በሆነ መንገድ ለመከታተል የተዘጋጀ ነው። ለእርስዎ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ በቀላል ላቦራቶሪ ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ገምጋሚው «ይህች ሴት በምን መሣሪያ ልትሠራው ነው?» ብሎ አይጠራጠርም። ሁለተኛ፣ መመሪያው በምግብ ሰንሰለት በኩል ያተኮረው በዶሮ ላይ ስለሆነ፣ ከወንዙ የጠጣው አትክልት የእርስዎ አዲስ አስተዋጽኦ ይሆናል። የታወቀ ዘዴ ይዞ ያልታየ ቦታ መግባት፣ አዲስ ዘዴ ይዞ ከመግባት ይልቅ ለጀማሪ ይቀላል።

በመግቢያዎ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች ከመድኃኒት ጋር በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ እንደሞቱ የሚያሳየውን ግምት እንደጠቀሱ እገምታለሁ። አይጠቀሙበት አልልም፤ ነገር ግን በዚህ ርእስ የሚጻፍ ፕሮፖዛል ሁሉ በዚህ ቁጥር ስለሚጀምር የገምጋሚው ዓይን ይዘለዋል። እዚህ ላይ እንዳደረጉት ከሞተሩና ከሰላጣው ይጀምሩ።

ስለ ዲግሪው እውነቱን ልንገርዎ። በትሪየስቴ የሚገኘው የታዳጊ አገሮች የሳይንስ አካዳሚ፣ ቲ.ደብልዩ.ኤ.ኤስ.፣ ለግለሰብ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ሦስተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። በዚያው ከተማ የሚገኘው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ሲሰጥ የቆየ ቢሆንም መስፈርቱ ያው ነው። በስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን ግን ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸውን ሲቀበል ኖሯል፤ የገንዘቡም መጠን ከእርስዎ ሥራ ጋር የተመጣጠነ ነው። ጥሪው ዘንድሮ ክፍት መሆኑን ከራሱ ገጽ ላይ ያረጋግጡ እንጂ የኔን ቃል ይዘው አይጻፉ።

ገላን ኮንዶሚኒየም፦

የሰበታውን ወንድማችንን አከብራለሁ፤ ሆኖም ተስፋ ብቻ መስጠት ደግ አይመስለኝም። ጊዜው ተለውጧል። በዚሁ በመድኃኒት መላመድ ጉዳይ አነስተኛ ገቢ ያላቸውን አገሮች ላቦራቶሪዎች ሲደግፍ የነበረውን ፍሌሚንግ ፈንድ የብሪታኒያ መንግሥት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2025 አስታውቋል። ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. በዚያው ዓመት ተዘግቷል። ገንዘቡ ሲቀንስ የቀረው የሚሄደው ቀድሞ ወደሚታወቁት ነው። ዘነበወርቅ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን ድጋፍ ሲቆም የጀመረው ግንኙነት እስከ ዛሬ ያገለግለዋል። አንድ የዳር ከተማ ኮሌጅ ከዚህ ጋር ሊፎካከር አይችልም። እህታችን ከትልቁ ተቋም ጋር ተባባሪ ተመራማሪ ሆና ብትገባ ይሻላታል።

ይህን ስል ጉዳቱን ሳላውቅ አይደለም። ከዓመታት በፊት ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርቼ ነበር። 600 ናሙና ሰብስበን በደረቅ በረዶ ላክን። ውጤቱ ታተመ፤ የኔ ስም ስምንተኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ ቅጂውን ያገኘሁትም ኢንተርኔት ላይ እንደማንኛውም ሰው ፈልጌ ነው። ቢሆንም ያ አንድ ጽሑፍ ባይኖረኝ ኖሮ ቀጣዩን ድጋፍ አላገኝም ነበር።

የሰበታው፦

ወንድሜ ገላን፣ በግማሹ እስማማለሁ። ተባባሪ መፈለግ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይፈራረሙ መግባት ነው። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት መፈረምና በሚመለከተው ብሔራዊ አካል መጽደቅ አለበት። በዚያው ሰነድ ውስጥ ናሙናው ለሌላ ጥናት እንደማይውል፣ መረጃው የማን እንደሆነ፣ የደራሲነት ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደሚወሰን ይጻፋል። የባክቴሪያውን የዘር ቅንጣት ለማንበብ ካልሆነ በቀር ደግሞ እህታችን ያቀደችው ሥራ ናሙና ከአቃቂ እንዲወጣ የሚያስገድድ አይደለም።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሥር በንዑስ ውል መግባት፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለው ድጋፍ ድርሻ ማግኘት፣ ሲባልም ጥንቃቄ ይሻል። ኤን.አይ.ኤች. እ.ኤ.አ. በ2025 ለውጭ አገር ተቋማት የሚሄዱ ንዑስ ውሎችን በነባሩ መንገድ መስጠቱን አቁሞ ሌላ አሠራር እንደሚዘረጋ አስታውቋል። «በኛ ሥር ግቢ» የሚላት ፕሮፌሰር ቢኖር አስቀድማ ገንዘቡ በየትኛው አሠራር እንደሚደርሳት ትጠይቀው።

የዳር ሰው ጥያቄ አይሰማም ለሚለው ግን አንድ ታሪክ ላንሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ርካሽ መድኃኒት ከዚያ ተገኘ። ሆኖም በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ዓመታት ታገሉ። ከክርክሩ አንዱ የእንዶዱ የመርዛማነት ምርመራ በተፈለገው የላቦራቶሪ የጥራት ደረጃ አልተሠራም የሚል ነበር፤ ለዚያ ምርመራ ገንዘብ በመስጠት ከረዱት መካከል የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ወንዝ ዳር የታየው ነገር ትክክል ነበር፤ ወደኋላ የጎተተው የላቦራቶሪው ማስረጃ ጉድለት ነው። እህቴ፣ ከ20 ሺህ ዶላርዎ ውስጥ ለጥራት ቁጥጥር፣ ማለትም ለማመሳከሪያ የባክቴሪያ ዝርያዎችና ለውጭ ምዘና፣ ስንት መደቡ?

ናሙና ሰብሳቢዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦

ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር ምንም አልመደብኩም። የማመሳከሪያ ዝርያውን ከጓደኛዬ ላቦራቶሪ ለመለመን ነበር ያሰብኩት። አሁን ሳየው ገምጋሚ ይህን ቢያነብ ምን ሊል እንደሚችል ይገባኛል።

የቀድሞዋ ሒሳብ ሹም (ለገጣፎ)፦

ለሃያ ዓመት ያህል በምርምር ተቋም የፕሮጀክት ሒሳብ ስይዝ ነው የኖርኩት፤ ሳይንሱን ለእናንተ ትቼ ሰው ስለማይናገርለት ወረቀት ልጻፍ። ልጄ፣ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚሰጥ ለጋሽ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚሰጠው ለተቋምሽ እንጂ ለአንቺ አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ኮሌጁ ገንዘብ መቀበል ይችላል ወይ የሚለው ነው። በስሙ የባንክ ሒሳብ አለው? በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል? የግዢ መመሪያ አለው? ዲኑ ፈርሞ የሚልከው ሰነድ ላይ ይህ ሁሉ ይጠየቃል።

ቀጥሎ ምዝገባው ነው። ለኤን.አይ.ኤች. የሚያመለክት የውጭ ተቋም በመጀመሪያ ኤንኬጅ የተባለውን ኮድ፣ ከዚያ በአሜሪካ መንግሥት የምዝገባ ሥርዓት ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ፣ ከዚያ በማመልከቻው ሥርዓት ውስጥ የራሱን የመግቢያ አካውንት ማውጣት አለበት። ራሳቸው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ ይላሉ፤ እኔ ሦስት ወር እላለሁ። የአውሮፓ ኅብረትም ባለ 9 አኃዝ የተሳታፊ መለያ ይጠይቃል፤ ይህኛው ይቀላል። ለመለያው ገንዘብ አይከፈልም። «እኛ እናስመዘግብላችኋለን» እያሉ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች ኢሜይል ይልካሉ፤ አትመልሺላቸው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በስም አጻጻፍ ነው። የተቋሙ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ሌላ ዓይነት፣ በማኅተሙ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት የላቲን ፊደል ይዞ ይገኛል፤ አቃቂን አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ተመሳሳይ ፊደል ይጽፈዋል፤ ማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች አድርጎ ያያቸዋል። የራስሽም ስም እንደዚያው ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ አንዱ ጽሑፍሽ በአባትሽ ሌላው በአያትሽ ስም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ኦርሲድ የተባለውን ነጻ የተመራማሪ መለያ ዛሬ አውጥተሽ ጽሑፎችሽን ሁሉ በእርሱ ሥር ሰብስቢ።

በጀቱን በምን ገንዘብ ነው የሠራሽው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተፈቀደለት አንድ ተመራማሪ የማውቀው አለ፤ ለአራት ካርቶን ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) የያዘው ገንዘብ ሁለት ብቻ ገዛለት። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ በለጋሹ ገንዘብ፣ የሹፌርና የናሙና ሰብሳቢ አበሉን በብር አስልተሽ የምንዛሪውን ቀን ጻፊበት። የጄኔሬተር ነዳጅ መጻፍሽን አትርሺ፤ የውጭ ገምጋሚ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ስለማይገባው መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂው።

ኦቨርሄዱንም፣ ማለትም ኮሌጁ ለአስተዳደር ወጪው ከድጋፉ የሚወስደውን ድርሻ፣ ከዲኑ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ኤን.አይ.ኤች. ለውጭ ተቋም የሚከፍለው የተዘዋዋሪ ወጪ 8 በመቶ ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም የሆነው ሆራይዘን ከቀጥታ ወጪው ላይ 25 በመቶ ያስባል። ዲኑ 30 በመቶ ለኮሌጁ ይግባ ብሎ የሚያስብ ከሆነ ውሉ ሲመጣ ሳይሆን አሁን ይወቀው።

የወለቴ ሐኪም፦

በጽሑፋችሁ ውስጥ ገበሬዎቹ የሉም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነርሱ ነው፤ ከቤተሰቦቹ ሰገራ የምትወስጂ ከሆነ ውጤቱን ምን ታደርጊዋለሽ፣ የተገኘበት ሰው ይታከማል ወይስ አይታከምም? ምልክት በሌለው ሰው አንጀት ውስጥ የተገኘ ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. ያለው ኢ. ኮላይ በራሱ ሕክምና አይሻም፤ ይህንን በሚገባቸው አማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ የፈቃደኝነት ቅጽ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ገበያው ነው። «የአቃቂ አትክልት ተበክሏል» የሚል ወሬ ከአንድ ጥናት ቢወጣ እነዚያ ቤተሰቦች የዓመት ገቢያቸውን ያጣሉ፤ የፈሰሰው ፍሳሽ ግን የእነርሱ አይደለም። ስለዚህ የየማሳው ስም በሪፖርቱ እንዳይገለጥ፣ የአካባቢውም ገበሬዎች ማኅበር ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲሳተፍ አድርጊ። ለጋሾችም ይህንን የማኅበረሰብ ተሳትፎ እያሉ ነጥብ ይሰጡበታል፤ እኔ ግን ነጥብ ባይሰጡበትም እለው ነበር። የሥነ ምግባሩ ደብዳቤ በፍጥነት አይደርስምና ጥሪ እስኪወጣ አትጠብቂ፤ ብዙ ለጋሾች ማመልከቻው ሲገባ ባይጠይቁትም ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት የግድ ይላሉ።

ገላን ኮንዶሚኒየም፦

የሐኪሙ ሐሳብ አሳምኖኛል። በአንድ ነገር ላስተካክል፦ ቀደም ሲል ኮሌጁ ሊፎካከር አይችልም ብዬ ነበር። ወንዙ ዳር ቆሞ ገበሬዎቹን በስም የሚያውቅ ተመራማሪ ግን ትልቁ ተቋም ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ እርሷ ዋና ተመራማሪ፣ ትልቁ ላቦራቶሪ ተባባሪ ሆኖ ለጥራት ቁጥጥሩ ቢገባስ? ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው በቡድኑ ውስጥ ስለሚኖር የመስፈርቱንም ችግር በከፊል ይፈታዋል።

ናሙና ሰብሳቢዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ያደረግሁትን ልንገራችሁ። እትዬ፣ እንዳሉኝ የኮሌጁን ሰነዶች ሰብስቤ ባይ የላቲኑ ስም በሦስት ሳይሆን በአራት ዓይነት ተጽፎ አገኘሁት፤ ዲኑ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ አንዱን መርጠው ለባንኩ የማስተካከያ ደብዳቤ ጻፉ። የኦርሲድ መለያዬን አውጥቻለሁ። ከአንድ የምርምር ኢንስቲትዩት የቀድሞ አስተማሪዬ ለጥራት ቁጥጥሩ ተባባሪ ለመሆን ተስማምተው፣ የደራሲነቱን ቅደም ተከተል በኢሜይል ጽፈን ተለዋውጠናል። ከገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋርም ተነጋገርኩ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ውኃውን የሚያጣራ ነገር ታመጪልናለሽ ወይ?» የሚል ነበርና መልስ አልነበረኝም። በፕሮፖዛሉ ላይ ከመታጨዱ በፊት ለጥቂት ቀናት ውኃ ማጠጣት ማቆም በሰላጣው ላይ ያለውን ባክቴሪያ ይቀንስ እንደሆነ የሚፈትሽ አነስተኛ ክፍል የጨመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ናሙናውን ግን ለጊዜው ተውኩት። ውኃና አትክልት ብቻ ስለሆነ በጀቱ ወደ 11 ሺህ ዶላር ወርዷል፤ የሥነ ምግባሩም ጉዳይ ቀለለ። የቤተሰቦቹ ክፍል ሁለተኛ ፕሮፖዛል ይሆናል።

የሰበታው፦

የሰው ናሙናውን መተውዎ ትክክል ነው። በአነስተኛው ድጋፍ የተገኘ መረጃ ለትልቁ ማመልከቻ የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናል። የመስኖ ማቆሙን ሐሳብ ወደ ርእሱ ያምጡት፤ ለጋሾች ችግር ቆጥሮ የሚያበቃ ጥናት ብዙ ስለሚደርሳቸው መፍትሔ የሚሞክር ሲያዩ ቆም ብለው ያነባሉ። ከሊቀ መንበሩ ጥያቄ እንደመነጨም ይጻፉ።

ናሙና ሰብሳቢዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦

እጽፈዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ፦ ከተባባሪዬ ጋር በአንድ የአውሮፓ ጥሪ ላይም ለመሳተፍ አስበናል፤ የመዝጊያው ሰዓት በብራስልስ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ይላል። በእኛ ስንት ነው?

የቀድሞዋ ሒሳብ ሹም (ለገጣፎ)፦

በወሩ ይለያያል፤ እነርሱ በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ። ጥሪው መስከረም ላይ የሚዘጋ ከሆነ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። የኤን.አይ.ኤች. ሰዓት ግን በአመልካቹ ተቋም አካባቢ የሚቆጠር ስለሆነ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። አንቺ ግን ከዋዜማው ላኪው። አንዴ በመጨረሻው ሰዓት ልናስገባ ስንል ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶበት፣ ላፕቶፑን ይዘን በላዳ ታክሲ ቦሌ ድረስ ሄደን ነው ካፌ ውስጥ ሆነን የላክነው።